ለሲጋራ የተጠራ ምስክር

ባሌ ታክሲ ነጂ ነው፤ እግር የተፈጠረው ፍሬን ለመርገጥ ብቻ ይመስለዋል። ማዶ ካለው ሱቅ ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ያስነሳል። ሲጋራውንማ ተዉት፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይለኩሳል። ስኳር እንዳለበት ሲነገረው «ያልያዘው ማን አለ?» ብሎ እንደ ሹመት ተቀበለው።

ባለፈው ወር ግን ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ቀኝ እግሩን ጨምድዶ ያቆመው ጀመር። ዶክተሯ መርምራ ሳታቅማማ ነገረችው። «የእግርዎ ደም ስር እየተዘጋ ነው። ሲጋራውን ካላቆሙና በእግርዎ መሄድ ካልጀመሩ ይቆረጣል።»

እኔ ክው አልኩ። እሱ ሳቀ! «አባቴ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያጨሳሉ። ታዲያ ምን ሆኑ?»

ጭራሽ በቀጠሮው ቀን አባቱን ለምስክርነት ይዟቸው መጣ። ሰው ሐኪም ቤት የምርመራ ውጤት ይዞ ይሄዳል፤ የእኔው ጉድ አባቱን! ሊፍቱ ስለተበላሸ በደረጃ ወጣን። አማቼ ከዘራቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ቀደሙን። ባሌ በየማረፊያው እየቆመ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ የሚያነብ መሰለ። ጋዜጣ እንኳ ገልጦ የማያውቅ ሰው!

«ይኸው!» አላት ዶክተሯን፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። «አባዬ፣ እስኪ ስንት ዘመን እንዳጨሱ ይንገሯት።»

«እነግርሻለሁ ልጄ» አሏት አማቼ። «አምስት ወንድሞች ነበሩኝ። ሁላችንም እናጨስ ነበር። ሲጋራው አንዱን በሳንባው፣ አንዱን በልቡ እያለ ጨረሳቸው። ሁሉንም የቀበርኩ እኔ ነኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምስክር ካማረህ ምነው እነሱን አልጠራህ? ደግሞ እኔ ፖስታ አዳይ ነበርኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከተማውን በእግሬ ነው ያዳረስኩት። አንተ ሲጋራዬን ወረስክና እግሬን ተውከው።»

እውነታቸውን ነው፤ የሞተማ ማን ይቆጥረዋል? ሁላችንም የምንጠቅሰው የተረፈውን ነው።

ባሌ አቀርቅሮ ፓኮውን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አማቼ አንስተው ወደ ራሳቸው ኪስ ከተቱት። ዶክተሯ አፈጠጠችባቸው።

«እኔንማ ተይኝ» አሉ። «እኔ ብሞት ልጄ ይቀብረኛል። እሱን ግን አልቀብርም።»