የወይዘሮ ሸዋነሽ ምራት

«እማማ፣ ኧረ ቁጭ ይበሉ! ሐዘንተኛ እንዲህ ይንከላወሳል እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው ሱአድ፣ የሻይ ትሪውን ከእጃቸው እየነጠቀች።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ተቀመጡ። መቀመጡ ግን አላሳረፋቸውም። ታከር በሚባል ከተማ ያለው የልጃቸው የስምዖን ቤት ከእድሩ በመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ተጨናንቋል። የሚገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና ስምዖንን በዓይኑ ይፈልጋል። እሳቸውን በምን ቃል ማጽናናት እንዳለበት ያወቀ የለም። ልጅ ለሞተባት የሚባል አለ፤ ባል ለሞተባትም የሚባል አለ። ምራት ለሞተባት፣ ያውም ህንዳዊት ምራት፣ ምን ይባላል?

ስምዖን የሚስቱን አመድ ሊቀበል ወጥቷል። ሬቫቲ በወገኖቿ ሥርዓት፣ በእሳት ነበር የተሸኘችው።

«አፈር እንኳ ሳትቀምስ» አለች አንዲት ሴት ከጀርባቸው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ልጅስ መች አስቀረችለት? ምስኪን!»

«በዘር የሚተላለፍ ነው አሉ በሽታው። የህንዶች ነው መሰለኝ።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ሰሙ። ዞር ብለው ሊመልሱ አሰቡና ጉልበት አጡ። አንድ ነገር ለመናገር አፍን መክፈት ይህን ያህል እንደሚያደክም ከዚህ በፊት አያውቁም ነበር።

ፊት ለፊታቸው፣ ጥቁር በለበሰው ሰው መካከል፣ አንዲት ልጅ በአገሯ የሐዘን ወግ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። ጃያንቲ ትባላለች፤ የሬቫቲ ታናሽ እህት ናት። ከኒው ጀርሲ እንደመጣች ሻንጣዋን እንኳ በወጉ አልፈታችም። ለቅሶ ደራሹ የሚያወራውን አንዱንም አትሰማም፤ ግን ሰው በተነሳ ቁጥር ትነሳለች፣ ሲቀመጥ ትቀመጣለች። እንግዳ ናትና ሥርዓቱ እንዳይጎድልባት ነው።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ልጅቷን ባዩ ቁጥር ሬቫቲን ያያሉ። ያው ቀጭን አንገት፣ ያው በጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ጠቆር ያለ ቆዳ።

ከሬቫቲ ጋር መጀመሪያ ላይ አልተዋደዱም። ወይዘሮ ሸዋነሽ ከናዝሬት የመጡ ሰሞን፣ ለአዲሷ ምራታቸው ደሟ እንዲሞቅ ብለው በርበሬው ጠንከር ያለ ወጥ ሠሩላት። አንድ ጊዜ ቀመሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሳህኑን በቀስታ ገፋ አድርጋ ውሃ ጠጣች። ከዚያ ወደ ማጀት ገባችና መዳፏ ላይ ጨው ነስንሳ ስትልስ አዩአት። «የእኔን እጅ ተጸይፋ ጨው ትበላለች!» ብለው ለስምዖን ተናገሩ። ስምዖን «እማዬ፣ ተያት፣ ያማታል» አለ። ሕመሙን ግን አላብራራም። እሳቸውም በሚያዩት ሁሉ ኩራት እንጂ ሕመም አልታያቸውም። በዓመቱ ደግሞ ስለ ልጅ ጠየቁ። በየእሑዱ ጠየቁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ፣ ሬቫቲ ማጀት ውስጥ ብርጭቆ ጣለች። ሮጠው ሲደርሱ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች እንደ ወፍ ምንቃር ተጋጥመው ደርቀዋል። ወይዘሮ ሸዋነሽ በስመ አብ ብለው አማተቡ።

«እማዬ፣ አንተ አትፍራ» አለች ሬቫቲ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። አማርኛን የተማረችው ከባሏ ጋር በማውራት ነውና ሰውን ሁሉ «አንተ» ነበር የምትለው። «ካልሲየም ነው። ክኒን ስጠኝ፣ ያልፋል።»

ክኒኑን በአፏ አደረጉላት። ጣቶቿን በእጃቸው ውስጥ ይዘው እስኪፈቱ ጠበቁ። ያኔ ነው የነገረቻቸው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፦

«ሰውነት ውስጥ ወታደር አለ፣ እማዬ። የእኔ ወታደር ሞኝ ነው። ጠላት ትቶ የራሱን ቤት ይመታል።» አንገቷን ነካች፤ እጆቿ የሚደርቁት እዚያ ያሉት ዕጢዎች ስለተመቱ ነው። ወገቧን ነካች፤ ጨው የሚያስልሳት፣ ስትደነግጥና ስትታመም አቅም የሚያሳጣት ከኩላሊቷ በላይ ያለው ዕጢ ስለሞተ ነው። አፏን ነካች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነጭ ቁስል አይለየውም፣ በርበሬ እሳት ይሆንበታል። «አባት ሰጠ፣ እናት ሰጠች። እነሱ ጤነኛ። ሁለቱ ሲገናኝ እኛ ታመምን። ወንድሜ ትንሽ ልጅ ሆኖ ሞተ። ሐኪም ስሙን አላወቀም ነበር።»

ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«ይሄንንም ቤት መታ፣ እማዬ። ልጅ የለም። እሑድ እሑድ አትጠይቀኝ፣ እሺ?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ የተሰበረውን ብርጭቆ ጠረጉ። በማግስቱም በርበሬ ያልነካው አልጫ ሠሩ፤ ጨውም ጠንከር አደረጉበት። ሬቫቲ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት በርበሬ ለእንግዳ ብቻ ሆነ።

«ቤተሰቡን ያጽና፣ ያለፈችውንም ነፍሷን ይማር» አሉ አቶ ገሠሠ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ቆመው። ሰው አሜን አለ።

ጃያንቲ ተነሳችና ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሄደች ወይዘሮ ሸዋነሽ ልብ አላሉም ነበር፤ አሁን ግን ልብ አሉ። ስትመለስ ግድግዳውን በመዳፏ እየተደገፈች ነው። ፊቷን ላብ አጥምቆታል። ወንበሯ ጋ ሳትደርስ ምንጣፉ ላይ ተዘረረች።

ቤቱ ተተረማመሰ። አንዷ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዋ ላይ ያዘች፣ ሌላዋ ጠበል ፍለጋ ቦርሳዋን በረበረች።

«ሐዘን ነው። አላለቀሰችም እኮ! ቦታ ስጧት፣ አየር ታግኝ» አሉ አቶ ገሠሠ። ክፋት አልነበረውም፤ በዕድሜያቸው ብዙ ሐዘንተኛ ወድቆ ሲነሳ አይተዋል።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ደረሱ። የልጅቷ እጅ ቀዝቅዟል። ከንፈሯ ደርቋል። «አካ… አካ…» ትላለች፣ ታላቅ እህቷን በቋንቋቸው እየጠራች።

ሬቫቲም በመጨረሻው ማታ ደውላ ነበር። ማለዳ ለሥራ የምትሄድበት በረራ ስለነበራት ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሆቴል አርፋ ነበር። «ምግብ አልተስማማኝም፣ እማዬ። ክኒን ድርብ ውጫለሁ። አንተ ተኛ።» የዋጠችውን ክኒን ግን አስመልሳው ነበር። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምትይዘው መርፌ በማግስቱ ወለሉ ላይ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ተገኘ። ጣቶቿ እንቢ ብለዋት ይሆናል። ስምዖን ያን ሌሊት እዚያው ሰፈር ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ መንገደኛ ሲያመላልስ ነው ያደረው።

«ይህ ሐዘን አይደለም፤ የእህቷ በሽታ ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ። «ሱአድ፣ ናይን ዋን ዋን ደውዪ። የዕጢው ነው፣ አድሪናል በያቸው። አድሪናል!»

የሬቫቲን መኝታ ቤት ከሞቷ ወዲህ አልገቡበትም ነበር። ገቡ። ከአልጋው አጠገብ ያለውን መሳቢያ ሳቡ፤ ትርፍ መርፌው ያለበት ቦታ ነው። ሬቫቲ ሶፋ ትራስ ላይ እያስወጋች ነበር ያለማመደቻቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እሷ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ተመልሰው ተንበረከኩ። የጠርሙሷን አናት ተጭነው ዱቄቱን ከውሃው ቀላቀሉ። በመርፌውም ቀዱት።

«ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ሐኪሞቹ እስኪመጡ ቢቆዩስ?» አሉ አቶ ገሠሠ። «አንድ ነገር ብትሆን…»

«አንድ ነገርማ ሆናለች፣ አቶ ገሠሠ። አንዷ ሆናለች።»

አቶ ገሠሠ ኮታቸውን አወለቁና አጥፈው ከልጅቷ ራስ ሥር አደረጉት፤ ከዚያም እግሯ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ወይዘሮ ሸዋነሽ መርፌውን በነጩ ልብስ ላይ፣ ጭኗ ላይ ሰደዱት። በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

አምቡላንሱ ሲመጣ ወይዘሮ ሸዋነሽም ከኋላው በሱአድ መኪና ተከተሉ።

ሆስፒታል ውስጥ ጉሉኮስ ተሰክቶላት፣ ቀስ በቀስ ደም ወደ ፊቷ ተመለሰ። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ መርፌውን ቤት ውስጥ የሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሱአድ ተረጎመች። ወይዘሮ ሸዋነሽ እንደ ተማሪ እጃቸውን አነሱ። ነርሷ ትንሽ አየቻቸውና ወንበር አምጥታ ከአልጋው አጠገብ አኖረችላቸው።

ስምዖን እየሮጠ ደረሰ። ጠዋት ሲወጣ እንደነበረው ፊቱ አልተላጨም። ጃያንቲ ስትተነፍስ ቆሞ ተመለከተ፤ ከዚያ እናቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ሬቫቲን ይዣት መጣሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ናት።»

«ብቻዋን ትተሃት?»

ስምዖን እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። ሱአድ ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። «እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ» አለችና ሻርቧን አስተካክላ ወጣች።

ጃያንቲ ዓይኗን ገልጣ ሁለቱንም አየቻቸውና በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀች፤ ለቅሶውን ስላወከች። ስምዖን ነገራቸው።

«በላት» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ «ቤቷ ነው። እንደፈለገች ትውደቅ በላት።»

ስምዖን ተረጎመላት። ልጅቷም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ እንቅልፍ መልሶ እስኪወስዳት።

ወይዘሮ ሸዋነሽ እግራቸውን ሲዘረጉ ነው ያዩት። ተጣድፈው ሲወጡ በር ላይ ያገኙትን ነበር ያጠለቁት፤ ሰማያዊ የቤት ነጠላ ጫማ፣ ለእሳቸው የሚሰፋ፣ ተረከዙ በሌላ ሰው እግር የተላገ። ሬቫቲ ነበረች የምታደርገው። ትንሽ አተኩረው አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አወለቁት፤ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና ስትነሳ እንዲመቻት አፉን ወደ አልጋው አዙረው ከጃያንቲ እግር ግርጌ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ባዶ እግራቸውንም ሰብስበው ወንበሩ ላይ ከቀሚሳቸው ሥር ከተቱት።