የዊልፍ ኤንትዊስል «ምን ገዶኝ»

እስከ ማርች ሦስት ጠዋት ድረስ ዊልፍ ኤንትዊስል ደንታ እንደሌላቸው የሚናገሩባቸው አምስት አባባሎች ነበሯቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቀራቸው። በግራ በኩል ያለ የአንጎላቸው የደም ሥር ተዘግቶ ቋንቋቸውን ሲወስድ «ምን ገዶኝ» የምትለዋን ብቻ ተወላቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል።

የእኔ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ንግግሩ እንዲመለስለት ማገዝ ነው። ዊልፍ የሚባሉትን ይረዳሉ፤ ይህን ደጋግሜ ፈትኜ አረጋግጫለሁ። ራሳቸውን ሲነቀንቁ ግን አዎና አይ ይምታታባቸዋል። የሥዕል ካርድ ሲሰጧቸው ገልብጠው ያስቀምጡታል።

ረቡዕ ዕለት የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቅጽ ይዛ መጣች።

«አቶ ኤንትዊስል፣ ወደ ቤትዎ መመለስ ነው የሚፈልጉት ወይስ የአረጋውያን መኖሪያ መግባት?»

«ምን ገዶኝ» አሉ።

ሴትየዋ «የታካሚው ምርጫ» በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። መኖሪያው አልጋ የያዘላቸው እስከ ሰኞ ነበር። እስከዚያ «የለም» የሚለው ካልተለወጠ ሰኞ እዚያ ይገባሉ።

ልጃቸው ሞሪን ከሰዓት በኋላ ከምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት በቀጥታ መጣች።

«ሰደበሽ አይደል?» አለችኝ።

«አልሰደቡኝም። መልሳቸው ሁሌ አንድ ሆነብኝ እንጂ።»

«አንቺ የደቡብ እንግሊዝ ሰው ስለሆንሽ አይገባሽም፣ የኔ እናት። እኛ ጋ ፈለግሁ ብሎ የሚናገር ሰው ስግብግብ ነው። አባዬ ሻይ ልስጥህ ሲባል “አይከፋኝም” ካለ ስጪኝ ማለቱ ነው፤ ብስኩትም ጨምሪበት። “እንዳሻሽ” ካለሽ ግን ኮትሽን ልበሺና ውጪ፤ ተጣልታችኋል። ጎረቤት አዲስ መኪና ሲገዛ ደግሞ “ከእኔ ምን ይጎድላል” ይልና ሳምንት ሙሉ ያንገበግበዋል።»

አራተኛው «ለእኔ ያው ነው» እንደሆነም ነገረችኝ። ያን ሲሉስ አልኳት።

«እሱማ መርጦ ጨርሷል። ሌላ ሰው እንዲልለት ነው የሚፈልገው።»

«“ምን ገዶኝ”ስ?»

«እሱ ለሁሉም ይሆናል። እናቴ ብላክፑል ባሕር ዳርቻ እንሂድ ስትለው “ምን ገዶኝ” ይልና ጫማውን መቀባት ይጀምራል። እህትህ ለገና ትምጣ ወይ ስትለውም ያው “ምን ገዶኝ” ነው። እሷ በድምፁ ትለየው ነበር። እኔ አልችልበትም።»

በድምፅ የሚለይ ከሆነ ይለካል ማለት ነው፤ ድምፃቸው ለእኔ አንድ ስለነበር ከመልሳቸው በፊት ያለውን ዝምታ ለመለካት ወሰንኩ። ሞሪን ሃያ ጥያቄዎች እንድታዘጋጅ አደረግሁ። ረጅም ጥያቄ ለመረዳት ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ሁሉም ስድስት ስድስት ቃል ብቻ ነበሩ። አባቷ የሚወዱትንና የማይወዱትን ለየብቻ ጽፋ በፖስታ አሸገችልኝ። ሐሙስና ዓርብ ጥያቄዎቹን አቀላቅዬ ጠየቅሁ፤ በስልኬ ቀዳሁ፤ በጥያቄዬ መጨረሻና በመልሳቸው መጀመሪያ መካከል ያለውን ዝምታ ለካሁ። ፖስታውን የከፈትነው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ዊልፍ ለማይወዱት ነገር በአማካይ ከዜሮ ነጥብ አራት ሴኮንድ በኋላ ይመልሳሉ። ለሚወዱት ከአንድ ነጥብ ሁለት በታች የወረደ አልነበረም። ከዚህ የወጣው አሥራ አራተኛው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሞሪን የምትጋግረውን የዓሣ ፓይ የሚመለከተው። «ይወዳል» ብላ ጽፋለች። ዝምታው ዜሮ ነጥብ ሦስት ነበር።

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለች ሞሪን። «በየሳምንቱ ዓርብ፣ ትኩሱን፣ በፎጣ ጠቅልዬ።»

«ስህተት ሊሆን ይችላል» አልኳት።

«አይደለም። ጎረቤቱ ለምን እንደወፈረ አሁን ገባኝ።»

ከዚያ ዋናዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ጠየቅሁ። ስለ ቤታቸው ዜሮ ነጥብ አምስት። ስለ መኖሪያው ዜሮ ነጥብ አራት። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ደገምኩ፤ ሁለቱም ዜሮ ነጥብ አራት መጡ።

ሞሪን ወደ ኮሪደሩ ተከትላኝ ወጣች። ቤታቸው ኮረብታው ላይ ነው፤ መጸዳጃው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው አሥራ አራት። እዚያ ልታስታምማቸው ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ነበር።

«ቤቱንም አይፈልግም፣ መኖሪያውንም አይፈልግም። የት ልሂድ ነው የሚለው?»

«ያልጠየቅናቸው ቦታ ይኖራል።»

«እናቴ የተቀበረች ቀን እኛ ጋ ና ብዬው ነበር» አለች። «“ምን ገዶኝ” አለኝ። ተውኩት።»

«ምን ያህል ቆይተው መለሱልሽ?»

«ሰው እናቱን ቀብሮ ሰዓት ይይዛል እንዴ?»

ተመልሳ ገባች። አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«አባዬ፣ እኛ ቤት ምድር ላይ ያለችው የፊተኛዋ ክፍል ባዶ ናት። ኪት ብስክሌቱን ነው የሚያቆምባት።» ኪት ባሏ ነው። «ሌላ ቦታ ሊያቆመው ይችላል። ብትመጣም ባትመጣም ለእኔ ያው ነው።»

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየቀዳ ነበር። ዊልፍ ፊታቸውን ከመስኮቱ ወደ ልጃቸው መለሱ። የሻይ ጋሪው በበሩ አለፈ።

«ምን ገዶኝ» አሉ።

ሦስት ነጥብ አንድ ሴኮንድ። የሞሪን ጥያቄ ከስድስት ቃል በላይ ስለነበረ ውጤቱን ብቻውን አልተቀበልኩትም። እሑድ ጠዋት እሷ በሌለችበት ያንኑ በስድስት ቃል ጠየቅኋቸው፤ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ሃያ ሦስቱንም ጥያቄዎች ከነዝምታቸው በሰንጠረዥ አድርጌ ከቅጹ ጋር አያያዝኩ። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሠራተኛዋ «የለም» የሚለውን ሰርዛ «ከልጃቸው ጋር» ብላ ጻፈችበት።

በጁን ወር ሞሪን ቤት ሄጄ መረመርኳቸው። አዲስ ቃል አልተጨመረም። ከአልጋቸው እስከ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ሻይ ሲጠሩ በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ይደርሳሉ፤ ለዓሣ ፓይ ሲጠሩ በአራት ደቂቃ።