እሜቴ የምትጠጣው ውሃ

ሾፌሩ ይማም መኪናውን «እሜቴ» ይላታል። ካረጀች ወዲህ ደግሞ እውነትም እንደ እሜቴ መራጭ ሆናለች። የሞተር ዘይቷ ከቀጠነ በየመጋጠሚያው ታንጠባጥባለች፤ ውሃዋ ካልጠራ የራዲያተሯ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፈኑና ዳገት መሃል ፈልታ ቁጭ ትላለች። ይማምም ከእሷ ባልተናነሰ ደክሟል። ረሃቡ ከገባ ወዲህ መካነ ሰላም ከተማ የቀረችው መኪና እሷ ብቻ፣ እህል የሚያመላልሰውም እሱ ብቻ ነው።

ሬዲዮኑ «ሚኒስትሮች ታሰሩ» ባለ ሰሞን ከአቀስታ መልእክት መጣ። የእርዳታው ዱቄት ደርሷል፤ ዛሬ ካልተነሳ ግን ለሌላ ወረዳ ይሰጣል። ያን ዕለት ጠዋት የራዲያተሯ የውሃ ጎማ ፈነዳ። ይማም ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጠፍሮ አሰረው። ውሃውን ግን መሬት ጠጥቶታል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ከመካከላቸው ካሳ የሚባለው ከኩሬው ቀድቶ መጣ። እትዬ በለጡ ከገደሉ ሥር የሚፈልቀውን ጠበል በቅል ይዘው ደረሱ።

ይማም ማንንም ማስቀየም አልፈለገም። የትኛው ንጹሕ እንደሆነ እሳቱ እንዲለይ፣ የቆርቆሮ ክዳን ከሰል ላይ አግሎ ከየውሃው ጠብ አደረገበት። የኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ተወ፤ ጠበሉ ደግሞ ነጭ ጨው።

«እትዬ በለጡ፣ ይሄ ነጩ ነገር ቧንቧዋ ውስጥ ይጋገራል።»

«ጭራሽ ጠበሉም አነሳት!»

«ኧረ አላነሳትም፤ ግንባሯ ላይ ይርጩላት። ሆዷን ብቻ ይተዉላት።»

የመስጊዱ ኢማም ሼህ ጀማሉዲን ይህን አይተው ወደ መስጊዱ ሄዱና ማንቆርቆሪያ ይዘው ተመለሱ። ክረምት ከቆርቆሮው ጣራ በበርሜል የተጠራቀመ፣ ለሶላት የሚታጠቡበት ውሃ ነው፤ እሱም ሊያልቅ ደርሷል። ይማም ጠብ አደረገው። ደረቀ። ክዳኑ ላይ ምንም የለም። ይማም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ምን ያስቀረቅርሃል? ከነበርሜሉ ውሰደው!»

«ሶላቱስ፣ ሸህዬ?»

«እኛ ውሃ ሲቸግረን በአፈር አብሰን ተየሙም እናደርጋለን፤ አላህ አግርቶልናል። ያንተን እሜቴ በአፈር ላብስሽ ብላት እሺ ትለኛለች?»

የበርሜሉ ውሃ ዝቃጩ ሳይበጠበጥ በጥንቃቄ ተቀድቶ ራዲያተሯ ውስጥ ገባ። እትዬ በለጡ ጠበላቸውን ኮፈኗ ላይ ረጩ። ይማም ወደ አቀስታ ተነሳ። በየዳገቱ እንቅልፍ ሊጥለው ሲል «ፈላች?» እያለ ይባንናል። አልፈላችም።

በማግስቱ ዱቄቱን ጭኖ የተመለሰው ከሰዓት በኋላ፣ ለዐስር ሶላት ነው። ሼሁ መዳፋቸውን አፈር ላይ አሳርፈው ፊታቸውን ሲያብሱ አያቸውና ሶላቱ እስኪያልቅ ብሎ መሪው ላይ ተደፋ። በዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

«ተነስ እንጂ አንተ! እሜቴ እንኳ ዓይኗን አልከደነችም» አሉ እትዬ በለጡ ትከሻውን እየነቀነቁ።

ሼህ ጀማሉዲን ከካሳ ጋር ከረጢት ያወርዳሉ። አፈር በለበሰው መዳፋቸው ላይ ዱቄት ተነሰነሰበት።

«አሁን ይሄን በምን እታጠበዋለሁ?»

«ቅሌ ውስጥ ጠበል ተርፏል፤ ላምጣልዎ?»

«እኔንም እንደ እሜቴ ግንባሬ ላይ ብቻ!»

ይማም ሳቃቸውን በእንቅልፍ ልቡ ሰማው። ወርዶ ሊያግዛቸው አስቦ ነበር፤ እግሩ ግን አልታዘዘውም።