ከአርባው ዘጠኝ ሲቀር

ኢምዳድ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ፣ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ባ በምትባለው የፊጂ ከተማ የሸንኮራ አገዳ መኪና ሲነዳ ሃያ ዓመት አንድም የጁምዓ ሶላት አላለፈውም። ታናሽ ወንድሙ ተስሊም አንድ ዓርብ ሩም የሚሉት አረቄ እየሸተተ መስጊድ ቢመጣ፣ በሩ ላይ ደረቱን ገፍቶ መለሰው።

«የጠጣ ሰው ሶላቱ አርባ ቀን ተቀባይነት የለውም! አርባውን ጨርሰህ ና። እስከዚያ ምን አለፋህ?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ተስሊም ታላቁን እንደ አባት ያከብር ነበርና ቃሉን ይዞ ሄደ፤ ቀን ይቆጥርም ጀመር። ሃያ ላይ ሲደርስ ይጠጣል፣ እንደገና ከአንድ። አንድ ጊዜ ሠላሳ ስድስት ደርሶ ወደቀ፤ ያን ቀን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እንዲህ ሲል ግንባሩ ሦስት ዓመት ምንጣፍ ሳይነካ ቀረ። ሱስ ደግሞ ሶላት የሌለበትን ቤት መች ይለቃል!

ጉበቱ ሲያልቅ ሆስፒታል ገባ። ዓይኑ እርድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሠላሳ አንድ ሞላኝ» አለ። «ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀረኝ። አላህ ያቆየኝ ይሆን?»

ኢምዳድ በቀጥታ ኢማሙ ዘንድ ሄደ።

«ሼካችን፣ ሐኪሞቹ ለተስሊም ሁለት ቀን ነው የሚሉት። በመጠጡ ከሶላት የሚቆይበትን አርባ ቀን ማሳጠር አይቻልም?»

ኢማሙ ግራ ገባቸው። «የምን አርባ? ወንድምህ ሶላት ትቷል እንዴ?»

«ተቀባይነት የለውም ብዬ...»

«ያ ረቢ! የጠጣ ሰው የሶላቱን ምንዳ ነው እኮ የሚያጣው፤ ግዴታው መች ወረደለት? ተጸጽቶ ተውበት ካደረገ ደግሞ በሩ በዚያችው ሰዓት ክፍት ነው። አንተ ነህ ይህን ያስተማርከው?»

ኢምዳድ እየሮጠ ሆስፒታል ተመለሰና ውሃ በሳህን ይዞ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«ና ውዱእ ላስደርግህ፣ ወንድሜ! ተሳስቼ ነው። በተኛህበት ስገድ፣ አሁኑኑ!»

ተስሊም ፈገግ አለ። «አዝነህልኝ ነው፣ አይደል? በአላህ ነገር ለእኔ እንኳ አታደላም ነበር። ዛሬ ልሞት ሆነና ልታባብለኝ... ተው፣ ጋሼ። በዚህ አፌ አልደፍርም። አርባ ሲሞላኝ እሰግዳለሁ።»

«ወላሂ ስህተቱ የኔ ነው!» እያለ እግሩ ላይ ወደቀ። ወንድሙ ራሱን ደባበሰው እንጂ አላመነውም።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ።

ነገ በፍርድ ቀን «ለምን አልሰገድክም?» ሲባል፣ ማን እንደመለሰው ተስሊም አይናገር ይሆናል። ጋሼን ያከብራላ! ኢምዳድን ቆሞም ተቀምጦም የሚያንገበግበው ይኸው ነው።