ጸባዩ የተሻለ ቡድን ያልፋል

1.

«ጸባይ ማለት ግን ምን ማለት ነው?» አሉ አቶ ይርዳው፣ የውድድሩ ሰብሳቢ።

ሁለቱ አምበሎች ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ተቀያሪ ተጫዋች ነኝ፤ ለምስክርነት ግቢ ተብዬ ነው የገባሁት።

2. እዚህ እንዴት ደረስን

የክልላችን ኮሌጆች የሴቶች መረብ ኳስ ውድድር ነው። ከአንዱ ምድብ እኛ አንደኛ ወጣን፣ ከሌላው የሂክማ ቡድን። ፍጻሜውን ያሸነፈ ድሬዳዋ ላይ ወደሚካሄደው አገር አቀፍ ውድድር ያልፋል። አንድ ቡድን ብቻ።

ዝናብ።

ሜዳው ኩሬ ሆነ። ዳክዬ አይተናል ብለው የሚምሉም አሉ። «ታዲያ ነገ ይጫወቱ» የምትል አንባቢ አትጠፋም። አውቶቡሶቹ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፤ የአስተናጋጁ ኮሌጅ ሽሮም አልቋል።

3. ደንቡ እንዲህ ይላል

ፍጻሜው ካልተካሄደ፣ ብዙ ዙር ያሸነፈ ያልፋል። (እኩል ነን።)

በዙር እኩል ከሆኑ፣ በነጥብ ብልጫ። (እኩል። ሦስት ሰው ለየብቻ ደመረው። አንዱ ሌላ ድምር አምጥቶ ነበር፤ ለምነን መለስነው።)

በነጥብም እኩል ከሆኑ፣ ጸባዩ የተሻለ ቡድን ያልፋል።

በዚህም ካልተለዩ፣ ዕድሉ ለአስተናጋጁ ኮሌጅ ይሰጣል።

አስተናጋጁ ኮሌጅ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ግን ደክሟል።

4. ሰብለወንጌል

አምበላችን ናት። ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ለጥቂት ቀርተናል፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ዛሬ ካላለፈች መረብ ኳስ ለእሷ ከእንግዲህ በቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ነው። ጠዋት የመጫወቻ ጫማዋን አጥባ አሰጣችው፣ በዚህ ዝናብ። አንጀቴን በላችው።

5. ሂክማ

የእነሱ አምበል። እሷም ተመራቂ ናት። የድሬዳዋ ልጅ ስትሆን፣ እዚያ ያለችው እናቷ ስትጫወት አይታት አታውቅም። መኝታ ክፍል ስለምንጋራ ነው የነገረችኝ፤ ባትነግረኝ ይሻል ነበር። ሰብለ እግሯ ወለም ሲላት በፋሻ ያሰረችላትም እሷ ናት። ተጋጣሚ እንዲህ ሲሆን ያበሳጫል።

6. ቃል በቃል

አቶ ይርዳው፦ እያንዳንዷ አምበል ስለ ሌላው ቡድን ጸባይ ትናገር። ሳትደብቅ።

ሂክማ፦ ኧረ እነሱ ጨዋ ናቸው።

ሰብለ፦ እነሱ ናቸው እንጂ።

አቶ ይርዳው፦ ትንሽም ጥፋት የለባቸውም?

ሰብለ፦ (ብዙ ካሰበች በኋላ) አንዷ ታንኮራፋለች። ግን ቀስ ብላ ነው።

ሂክማ፦ እኔ ነኝ። ይቅርታ።

ሰብለ፦ ኧረ በፍጹም! አንቺን አላልኩም!

ሂክማ፦ ጋሼ፣ በቃ እነሱ ይለፉ።

አቶ ይርዳው፦ (ብድግ ብለው ወደ ሂክማ እየጠቆሙ) ይኸው ጸባይ! ከዚህ በላይ ምን አለ? እናንተ አልፋችኋል!

ሰብለ፦ እንዴ ጋሼ! እኔም እኮ «እነሱ ይለፉ» ልል ነበር።

ሂክማ፦ ተይ፣ አትበይ።

ሰብለ፦ ብያለሁ!

አቶ ይርዳው፦ (ይቀመጣሉ)

7. ለአንቺ፣ አንባቢዬ

በር ላይ ሁለት ሰዎች «ቅደሚ»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ አይተሻል። ይሄኛው በር የሚለየው፣ «ቅደሚ» ያለችው ራሷ የምትገባበት መሆኑ ነው።

ሂክማ ከልቧ ነው የተናገረችው ወይስ ደንቡ ገብቷት? ሰብለስ? ጓደኛዬ ናት፤ ግን አላውቅም። ተናደድኩ። ደግነትን ነጥብ ሲያደርጉት ሰው ጓደኛውን እንኳ ማመን ያቅተዋል።

8. የአቶ ይርዳው መመሪያ

ዓይናችሁን ጨፍኑ። ተቀያሪዋም ጭምር።

ማለፍ የምትፈልግ እጇን ታውጣ። ብቻዋን ያወጣች ታልፋለች።

ሁለታችሁም ካወጣችሁ አስተናጋጁ ያልፋል። ሁለታችሁም ካላወጣችሁም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ መዋዕለ ሕፃናት ነን እንዴ?» አለች ሂክማ።

«መዋዕለ ሕፃናት ብትሆኑማ እስካሁን ጨርሰን ነበር» አሉ።

9.

ሰብለ ከመጨፈኗ በፊት ወደ ሂክማ ዞረች።

«ማለፍ እፈልጋለሁ» አለቻት። «እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው። በጣም እፈልጋለሁ።»

«እኔም» አለች ሂክማ።

ተያይተው ሳቁ። ጠዋቱን ሙሉ ከተባለው ሁሉ ያመንኩት ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ።

10.

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

አቶ ይርዳው አንዴ ሳሉ።

«ግለጡ።»

አንድ እጅ ብቻ ወጥቷል። ያወጣችው ልጅ ታለቅሳለች፤ እጇን ማውረድ አቅቷታል። ሌላዋ ተነስታ ወደ እሷ ሄደች፣ እጇን ያዘችላትና ቀስ ብላ አወረደችላት።

«እናቴን ሰላም በያት» አለቻት ወይስ «ጫማዬን ውሰጂው»? አንቺ ጻፊው። እኔ ሰምቻለሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

11. እጇን ያወረደችላት ልጅ ያለችው

«

                                        »