ተከትቦ የታመመው

«ይኸው ምስክሩ! ሁለቴ ተወግቶ ሁለት ሳምንት የተኛው ሰውዬ!» አለ ደላላው፣ ጭንቅላቱን ከቶንዶሱ ስር አውጥቶ ፀጉር አስተካካዩን ተራ ለሚጠብቁት እየጠቆመ።

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ይዞ አቃናው። «አትንቀሳቀስ፤ ጆሮህ በእጄ እንዳይቀር።»

ሰዎቹ ሳቁ። በሬዲዮው ሁለት ሐኪሞች ስለ ወረርሽኙ ክትባት ይከራከራሉ። አንደኛው «ክትባቱ ከመያዝ ሁሉንም ባያድን ከሞት ብዙዎችን ያድናል» ይላል፤ ሌላው «አቅሙ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ገና አልጠራም» ይላል። ስልክ እየደወለ የሚገባው አድማጭ ደግሞ ከሁለቱም በላይ አዋቂ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ከበሽታው ከተነሳ ወዲህ የሰፈሩ ሰው «ተከትቦ የታመመው» የሚል ስም አውጥቶለታል። አፉን በከፈተ ቁጥር ራሱን ማስረጃ አድርገው ያቀርቡበታል።

«እሺ፣ ልብስ ተኳሹስ?» አለ። ልብስ ተኳሹ የግድግዳ ጎረቤቱ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ታመሙ፤ ያልተከተበው ጎረቤቱ ሆስፒታል እንደገባ ቀረ።

«የሱማ ቀኑ ደርሶ ነው» አለ ደላላው።

«የኔ በክትባቱ፣ የሱ በቀኑ?»

በዚህ መሀል ታላቅ እህቱ ደወለች። ስኳር አለባት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በልብስ ስፌት ያሳደገችው እሷ ናት።

«ዛሬ ነበር የክትባት ቀጠሮዬ፤ ግን ትቼዋለሁ» አለችው። «አንተንስ መች አዳነህ?»

«አንቺም?!» ብሎ ጮኸባት። በዕድሜው ጮኾባት አያውቅም። ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ።

የደላላውን ፀጉር እንደምንም ጨረሰ። ተራ የሚጠብቁትን ይቅርታ ጠይቆ ሱቁን ዘጋና እየተቻኮለ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ጩኸትህን ተወውና ቁርጡን ንገረኝ። ከተከተብኩ አልታመምም?»

መንገዱን ሙሉ ያሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። አትታመሚም ቢላት ደስ ባለው ነበር። ግን ነገ ብትታመም፣ ውሸታም የሚሆነው እሱ ነው።

«ልትታመሚ ትችያለሽ» አላት።

«ታዲያ ምን ሊረባኝ?»

«እኔ ትኩሳቱን ቤቴ ተኝቼ አለፍኩት። ትንፋሽ አላጠረኝም። ክትባቱ ነው ብዬ በምን ላሳይሽ? ያልሆነ ነገር እንዴት ይታያል?» ወደ ስፌት መኪናዋ ጠጋ አለ። «የስኳር ሐኪምሽ ምን አለሽ?»

«ቶሎ ተከተቢ ነው የሚለኝ።»

«አሥር ዓመት የሱን መድኃኒት ስትውጪ ደላላ አማክረሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን መልሳ ተኮሳተረች። «እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ።»

የእሷን ነገ ያውቀዋል፤ ለጥርሷ «ነገ» እንዳለች ሁለት ዓመት ሞልቷታል። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሱቅህስ?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ደንበኞችህ ይሄዱብሃል እኮ።»

«ይሂዱ።»

እሷም ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ያልተጨረሰውን ልብስ አጠፈችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ሹራቧን አውልቃ እጅጌው አጭር የሆነ ቀሚስ ለብሳ፣ የቀጠሮ ካርዷን ይዛ ነበር።