ያልተከፈተው ሞተር

በአዲስ አበባ የሰው ልብ ተከፍቶ ሲታከም ዘመድ አዝማድ እልል ይላል፣ በግ ይታረዳል፣ ሐኪሙ ይመረቃል። የመኪና ልብ ተከፍቶ ሲታከም ግን ባለቤቱ አንገቱን ይደፋል፣ ደላላው ድምፁን ይቀንሳል፣ ዋጋው እንደ ጤዛ ይረግፋል። ይህን ልማድ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። አባይነህ ግን ሰውየውን ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው ጠንቅቆ ያውቃል።

አባይነህ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታው ሳይደርስ በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ስሕተት ከርእሰ መምህሩ ጋር ተጣላ፤ «መጽሐፉ የጸደቀ ነው» ቢሉት «ስሕተትም ይጸድቃል እንዴ?» ብሎ ወጣና ከሥላሴ ዝቅ ብሎ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴውም፣ ባለሥልጣኑም፣ ካህኑም መኪናውን ሊያሠራ ሲመጣ ቁጣውን አብሮ ይቀምሳል። ሁሉም ግን ይመለሳል። እጁን የሚያህል እጅ በአራዳ የለምና።

ቅዳሜ ጠዋት ኤዶም ደወለችለት። ኤዶም የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ከፍታ ቀን ወጥቶላታል።

«ጋሽ አባይነህ፣ መኪና ልገዛ ነው። እርስዎ ካላዩልኝ ግን አልገዛም።»

«ምን ዓይነት መኪና?»

«ሲያዩዋት ያውቋታል!» አለችና ስቃ ዘጋችው።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው ግቢ ሲገባ እውነትም አወቃት። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ፣ ወገቧ ዝቅ ያለ የድሮ ስፖርት አልፋ ሮሜዮ። በአራዳ እንደሷ ያለች ሁለተኛ የለችም። ኤዶም ልጅ ሳለች ይህች መኪና በውቤ በረሃ ስታልፍ ከጓደኞቿ ጋር እየሮጠች ትከተላት ነበር። ከመኪናዋ ጎን ደግሞ ባለቤቷ ገብረሕይወት ቆሟል፤ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሰባ ዓመቱን እንደ ሠላሳ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ።

አባይነህና ገብረሕይወት አንድ እድር ናቸው። ለቅሶ ቤት አንዱ ከድንኳኑ በር፣ ሌላው ከጓዳው በኩል ይቀመጣል። ከተነጋገሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የዚህች መኪና ሞተር ውሃ አልቆበት ነደደ፤ ነክሶ ደረቀ። ከተማው ሁሉ «በቃች፣ ለብረት ገዢ ስጣት» አለ። አባይነህ ግን ሞተሩን አውርዶ ክረምቱን ሙሉ ተከራከረው። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከሞተች ሌላ አልፋ ፈትቶ ቀየረው። የፒስተኖቹን ቤት ቶርኖ ማሽን ላይ ራሱ ፍቆ አስተካከለ፤ ሦስት ጊዜ አበላሽቶ በአራተኛው ያዘለት። መስከረም ሲጠባ መኪናዋ ተነሥታ አራዳን ዞረች። አባይነህ በዕድሜው ብዙ ሞተር ሠርቷል፤ «ሥራዬ» ብሎ በልቡ የያዘው ግን ያንን ነው።

ጥቅምት ላይ ፒያሳ አናት ካለችው ማኪያቶ ቤት ተቀምጦ ሳለ ገብረሕይወት በጓደኞቹ ተከቦ ገባ። አንዱ «አንተ፣ ድምፁ እንዴት ያምራል! ምን አድርገኸው ነው?» ሲለው ገብረሕይወት ባንኮኒውን ተደግፎ፣ «ምን አደርገዋለሁ? ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ቁልፍ ነክቶት አያውቅም» አለ። አባይነህ ከሁለት ጠረጴዛ ወዲህ ነበር። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነሣ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ወጣ። ያ ነው።

አሁን ደግሞ ደላላው የሲን ያንኑ ቃል በእጥፍ እየደገመው ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳይደክሙ! ቀለም የፋብሪካ፣ ባለቤት አንድ ሰው፣ ሊብሬ ንጹሕ፣ ሞተር ያል-ተ-ከ-ፈ-ተ! ሦስት ሚሊዮን ብቻ። ስጦታ እኮ ነው አቦ!»

አባይነህ ኮቱን አውልቆ ለኤዶም አስያዘና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ወጥቶም የኋላ ጎኗን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ደነዘ።

«እዚህ ጋ ብረቱ ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል» አለ። ቀጥሎ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሸተተና ለየሲን፣ «ሰውየውን ጠይቀው፤ ዘይት የቀየረው መቼ ነው?»

የሲን ወደ ገብረሕይወት ዞረ። «ጋሼ፣ ዘይት መቼ...»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ለፋሲካ ነው በልልኝ።»

«የትኛው ፋሲካ? በለው።»

«የክርስቶስ ፋሲካ! በልልኝ።»

«ክርስቶስ በየዓመቱ ይነሣል፤ ይሄ ዘይት ግን አልተነሣም። በለው።»

የሲን መሐል ቆሞ ግራ ቀኝ እያየ፣ «እኔ ኮሚሽኔ ለመኪና ነው፤ ለትርጉም ሥራ ለብቻው ነው የማስከፍለው» አለ።

ኤዶም ቁልፉን ተቀበለችና አባይነህን ጎኗ አስቀምጣ ወጣች። በፒያሳ ዳገት፣ በውቤ በረሃ አድርገው ወደ አራት ኪሎ። አባይነህ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ ዳገቱን ሳያጉረመርም በላው። ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮኑ ተንሸራተተ፤ ያ ከሞተሩ አይደለም። ከዚያ በታች ግን፣ ከሁሉ ሥር፣ እጁ የሠራው ነገር እንደ ደብተራ ዜማ አንድም ሳይስት ይሄድ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት። ሌባ መካኒክ የሠራው ቢሆን በሁለት ዓመቱ ጭሱን እያንቦለቦለ ይመጣ ነበር። ደረቱ ሞላ። ሥላሴ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ጎንበስ ሲል የተሳለመው ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አልነበረም።

«እና?» አለች ኤዶም።

«ሞተሩ ተከፍቷል።»

ኤዶም መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። ፊቷ በራ። «ይኸውልዎ! ጠርጥሬ ነበር። እንግዲያው እንደ ገበያው ስምንት መቶ ሺሕ እናስወርዳለን።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ተከፍቷላ!»

«ለወለሉ ዝገት አስወርጂ። ለስቱኮው አስወርጂ። ለፍሪሲዮኑ አስወርጂ፤ ጭራሽ ያልተቀየረ ነው። ለሞተሩ ግን ሰባራ ሳንቲም እንዳታነሺ!»

«ጋሽ አባይነህ፣ ገበያው እኮ ነው...»

«ገበያው ደደብ ነው!» ጮኸ። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት መነኮሳት ዞር ብለው አዩት። «አንቺ ፋርማሲስት ነሽ። ታሞ፣ በጥሩ ሐኪም ታክሞ የዳነ ሰውና፣ ሐኪም ቤት ደርሼ አላውቅም ብሎ የሚፎክር ሽማግሌ ቢመጡ፣ ለየትኛው ነው የምትፈሪው? መከፈቱ አይደለም ጥያቄው። ማን ከፈተው? ምን አወጣ? ምን አገባ? ይሄን የሚጠይቅ ገዢ በዚህ አገር አልተወለደም። ሁሉም ‹ተከፍቷል ወይ?› ይላል፤ ሻጩም ‹ኧረ በጭራሽ!› ይላል። ዋሺና ተዋሺ ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ የሠራው ሰው ግን እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።»

«እሺ፣ እኔ ጠየቅሁ» አለች ኤዶም። «ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ቆይ፣ እርስዎ የኔ መካኒክ ነዎት ወይስ የእሳቸው?»

«የሞተሩ ነኝ።»

ግቢው ሲመለሱ አባይነህን የሲን አላስፈለገውም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብረሕይወትን ፊት ለፊት አየው።

«ይሄን ሞተር ማን ከፈተው?»

«አልተከፈተም፣ ጋሼ! እንዴት እንዲህ...» ብሎ የሲን ጣልቃ ሲገባ ገብረሕይወት እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። ከዚያ ለኤዶም፣ «ልጄ፣ ስምንት መቶ ሺሕ ቀንሼልሻለሁ። ውሰጃት፤ ነገሩ እዚህ ያብቃ» አላት።

ኤዶም እጇን ልትዘረጋ ስትል አባይነህ መሐል ገባ።

«አይሆንም! ዋጋው አይቀነስም!»

«ጋሽ አባይነህ፣ ገንዘቡ የኔ ነው እኮ!»

የሲን ራሱን ያዘ። «ያ ጀማዓ! ገዢ ይዞት የመጣው መካኒክ ዋጋ ሲያስጨምር ዛሬ አየሁ!»

«ስምንት መቶ ሺሕ ከፍለህ ስሜን ልትቀብር?» አለ አባይነህ ወደ ገብረሕይወት ጠጋ ብሎ። «እኔ የሠራሁት ጉድለት ነው? ነውር ነው? በካፌ፣ በሰው ፊት ካድከኝ። በአደባባይ የካድከውን በአደባባይ መልስ። ከዚያ በሙሉ ዋጋዋ ትሸጣለች። አለዚያ ለዚህች ልጅ ‹አትግዢ› እላታለሁ፤ ቃሌን ደግሞ ታውቀዋለህ።»

«ካፌ ሄጄ ውሸታም ነበርኩ ልበል? እኔ ገብረሕይወት?»

«አዎ፣ አንተ ገብረሕይወት! ለምን ካድከኝ?»

ገብረሕይወት ባርኔጣውን አወለቀ። ሽበቱ ላይ የባርኔጣው ምልክት ክብ ሠርቶ ነበር።

«ጽጌማርያም ያረፈች ሰሞን ነው ሞተሩ የነከሰው» አለ፤ ጽጌማርያም ሚስቱ ናት። «መኪናዋን የገዛኋት በተጋባን ዓመት ነበር። ያን ቀን ሲጠይቁኝ... አንድ ነገር እንኳ እንደነበረ አለ ማለት አማረኝ። አንተ እዚያ መኖርህን ያየሁት ስትወጣ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው? አንዴ ከአፌ ወጣ።»

ቀብሩ ላይ አባይነህም ነበር። ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነው።

«ይሄን በማግስቱ መጥተህ ብትነግረኝ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሻክሮ፣ «እኔም አብሬህ እዋሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አልዋሽም። ቂሙ ዐሥራ አንድ ዓመት በልቶኛል።»

ኤዶም የመኪናዋን በር ከፈተች። «ሁለታችሁም ግቡ» አለች። «ማኪያቶ የምጋብዘው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ብትከራከሩ መኪናም አልገዛ፣ ኮሚሽንም የለ።» የሲን ይህን ሲሰማ ሽማግሌዎቹን በትከሻቸው እየገፋ አስገባቸው። አባይነህ ኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ነክቶ ተጣጥፎ ተቀመጠ፤ ቅር አላለውም፤ ሞተሩን ከዚያም ይሰማዋል።

በፒያሳ ግማሹ ሰፈር ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ ማኪያቶ ቤቷ ግን በተአምር ቆማለች። ከባንኮኒው ኋላ ያው የድሮው ማኪያቶ ቀጂ ገነነ ነው፤ አርጅቷል እንጂ አልተቀየረም። ሁለቱ ሰዎች አብረው ሲገቡ ሲያይ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ገብረሕይወት ያኔ የተደገፈበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ዛሬ ግን አልተደገፈም።

«ስሙኝማ» አለ፣ በሙሉ ድምፁ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «ውጭ የቆመችው መኪና ሞተሯ ሞቶ ነበር። ያስነሣው ይህ ሰው ነው። አባይነህ። ‹ቁልፍ አልነካውም› ብዬ እዚሁ ቆሜ ተናግሬ ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ገነነ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና፣

«እና ይሄን ማን አያውቅም?» አለ። «ያንን ክረምት ሙሉ መዶሻው ከሥላሴ እዚህ ድረስ ሲደልቅ ማንን እንቅልፍ ወሰደው? ‹አልተከፈተም› ስትል ለሐዘንህ ብለን ነው ዝም ያልን እንጂ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገብረሕይወትም ሳቀ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ። አባይነህ ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ሰው ሁሉ ማወቁና ባለዕዳው አፍ አውጥቶ መናገሩ ለየቅል ነው። ማኪያቶውን ተቀብሎ ቁጭ አለና እስከ ጭላጩ ጠጣው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይጨርሰው የቀረውን የጨረሰ መሰለው።

ለወለሉ፣ ለስቱኮውና ለፍሪሲዮኑ የሚገባው ተቀነሰ። ለሞተሩ ምንም አልተነካም። ኤዶም «በሕይወቴ እንዲህ ያለ መካኒክ ይዤ ገበያ አልወጣም» እያለች ከፈለች፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቃት ሁሉ ኮፈኑን ከፍታ የሠራውን ሰው ስም ሳትጠራ ቀርታ አታውቅም።

በሳምንቱ አባይነህ በድልድዩ በኩል ሲያልፍ የሲን ከአንዲት ትንሽ ነጭ ቶዮታ አጠገብ ቆሞ ለአንድ ጎልማሳ ገዢ ሲጮኽ ሰማው።

«ሞተር በጋሽ አባይነህ እጅ የተ-ከ-ፈ-ተ! ለዚህ ነው መቶ ሺሕ የጨመረው!»

አባይነህ መንገዱን ሳያይ ተሻገረ፤ ታክሲዎች ጥሩምባ ነፉበት። «አንተ ሌባ! ይችን መኪና እኔ መቼ አየኋት?»

«ጋሼ፣ አይቆጡ! ስምዎ እኮ ዋጋ አወጣ...»

«ኮፈኑን ክፈት!»

የሲን ከፈተ። አባይነህ ጎንበስ አለ። ለመሳደብ የተዘጋጀው አፉ ቀስ እያለ ተዘጋ። ብሎኖቹን አየ፤ አንዱም ጥርሱ አልተበላም። የዘይት መፍሰሻ የለም። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ተይዘዋል። «አስነሣው» አለ። ተነሣ። ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ።

ገዢው ትዕግሥቱ አልቆ፣ «እርስዎ ነዎት የከፈቱት?» አለው።

«አይደለሁም» አለ አባይነህ ቀና ብሎ። «ያልሠራሁትን አልወስድም፤ የሠራሁትንም አልሰጥም። ግን ማንም ይሁን፣ እጁ እጅ ነው። ይሄ ሞተር የተባለውን ዋጋ ያወጣል።» ከዚያ ወደ የሲን ዞሮ ጣቱን ደረቱ ላይ ተከለ። «ሂድና የሠራውን ሰው ፈልገው። ስሙን ይዘህ ካልመጣህ እዚህ ድልድይ ላይ እንዳላይህ።»